ናሽናልስ ፓርክ፦ ቤዝቦልን በስተርጅና ለሚጀምር ሰው

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ቤዝቦልን ከሃምሳ ዓመት በኋላ ልጀምር ለሚል ሰው የዋሽንግተኑ ናሽናልስ ቡድን ስታዲየም፣ ናሽናልስ ፓርክ፣ ጥሩ ቦታ ነው። ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ። አንዱን ያስቀነሰኝ የጁላይ ፀሐይ ነው። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለው። የት እንደምትቀመጡ ማወቅ አለባችሁ። ቦታውን ካልመረጣችሁ ሁለት ሰዓት ተኩል የሰው ጀርባ አይታችሁ፣ "ይሄ ደግሞ ምኑ ነው ጨዋታ?" እያላችሁ ትመለሳላችሁ። አንድ ጊዜ ሄደው ዳግመኛ ያልሄዱ ሐበሾች ሁሉ የሚነግሩኝ ይህንኑ ነው።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። የምሠራው መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። መውጫው ላይ ባለች የመስታወት ክፍል ተቀምጬ ሒሳብ እቀበላለሁ፣ በሩን እከፍታለሁ። ተረኛነቴ አብዛኛውን ጊዜ ማታ ነው። ከልጅነቴ የማውቀው ኳስ አንድ ብቻ ነበር፤ በእግር የሚመታው። ቤዝቦልን እዚህ አገር ስኖር በቴሌቪዥን አልፎ አልፎ አይቼዋለሁ። ሰዎች ቆመው ይተፋሉ። አንዱ ኮፍያውን ያስተካክላል። ሌላው ጓንቱን ይፈታል፣ መልሶ ያስራል። ቻናል እቀይራለሁ። እንዲህ ሆኖ ብዙ ዓመት አለፈ።

የገባሁበት በሬዲዮ ነው። በ2019 ከእኔ በፊት የነበረው ተረኛ ሥራ ሲለቅ ትንሽ ሬዲዮ ትቶ ሄደ። 106.7 ኤፍኤም ላይ ነበር የተተወው፤ እኔም አልነካሁትም። ማታ ማታ ሁለት ሰዎች ያወራሉ። ቻርሊ ስሎውስ እና ዴቭ ጄግለር ይባላሉ። መጀመሪያ ጨዋታውን አልተከታተልኩም፤ የሰው ድምፅ ስለሆነ ብቻ ተውኩት። ቀስ በቀስ ግን ሰዎቹ ምን እንደሚያደርጉ ገባኝ። የማላየውን ያሳዩኛል። ፒቸሩ፣ ማለትም ኳሱን የሚወረውረው፣ ወዴት እንዳየ ይነግሩኛል። መቺው ምን ያህል ወደ ኋላ እንደቆመ ይነግሩኛል። ነፋሱ ወደየት እንደሚነፍስ ሳይቀር። በኳሶቹ መካከል ያለውን ዝምታ ደግሞ አይፈሩትም። ከተመልካቹ ጉምጉምታ ጋር ይተዉታል። የማታ ተረኛ ለሆነ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ያ ዓመት ደግሞ ዓመት ነበር። ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ በፈረንጆቹ ሜይ 23 መሆኑ ነው፣ የኛው ቡድን ናሽናልስ 19 አሸንፎ 31 ተሸንፏል። ጋዜጣው ሁሉ አሰልጣኙ ይባረር ይላል። እኔ ገና ሆምረን (አጥሩን አልፎ የሚወጣ ምት) ምን እንደሆነ በመማር ላይ ነኝ። ከዚያ ማሸነፍ ጀመሩ። መደበኛውን የውድድር ዘመን 93 አሸንፈው 69 ተሸንፈው ጨረሱ። ኦክቶበር 1 ማታ ከሚልዋኪ ጋር አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር፤ የተሸነፈ ቤቱ ይገባል። ኢኒንግ ማለት ሁለቱም ቡድኖች ተራ በተራ የሚመቱበት ዙር ነው፤ ጨዋታው ዘጠኝ አለው። ስምንተኛው ኢኒንግ ላይ 3 ለ 1 ይመራሉ ሚልዋኪዎች። ሦስቱም ቤዞች ላይ፣ ማለትም ሯጮች በሚረግጧቸው ማረፊያዎች ላይ፣ የኛ ሰዎች ቆመዋል፤ ሁለት ሰው ወጥቷል፤ ሦስተኛ ከወጣ የመምታት ተራችን ያልቃል። ሁዋን ሶቶ ሊመታ ገባ። ሃያ አንድ ዓመት እንኳን አልሞላውም። ኳሱን ወደ ቀኝ መታት፤ የቀኝ ተከላካዩ ሊይዛት ሲል አመለጠችው። ሦስት ሰው ዞሮ ገባ፤ ሦስት ነጥብ። 4 ለ 3።

በዚያች ደቂቃ አንድ ደንበኛ ሊወጣ መጥቶ ነበር። ከፍሏል፤ በሩም ተከፍቷል። አልሄደም። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አብሮኝ ያዳምጣል። ከኋላው ሌላ መኪና መጣ፤ እሱም ጥሩንባ አልነፋም። ዋሽንግተን ውስጥ ጥሩንባ የማይነፋ ሹፌር ያየሁት ያን ማታ ነው።

የቀረውን ታውቁት ይሆናል። ሎስ አንጀለስን አሸነፉ፤ ሴንት ሉዊስን አራት ለዜሮ ጠረጉ። በፍጻሜው ሂውስተን አስትሮስን በሰባት ጨዋታ ረቱ። የሚገርመው ግን ይሄ ነው፦ በሰባቱም ጨዋታ ያሸነፈው እንግዳው ቡድን ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በፍጻሜው ታሪክ ከዚያ በፊት አልታየም። የኛዎቹ አራቱንም ድል ያገኙት ሂውስተን ላይ ነው። እዚህ ናሽናልስ ፓርክ የተደረጉትን ሦስቱንም ተሸንፈዋል። ዋሽንግተን ከ1924 በኋላ ዋንጫ ያየችው ያኔ ነው። 95 ዓመት!

እኔ ስታዲየሙን ያየሁት ግን ዘግይቼ ነው። በ2020 በኮቪድ ምክንያት ተመልካች አልገባም። በ2021 ስገባ ቡድኑ እየፈረሰ ነበር። ጁላይ መጨረሻ ላይ ኮከቦቹን ማክስ ሸርዘርን እና ትሬ ተርነርን ለሎስ አንጀለስ ሰጧቸው። በዓመቱ ኦገስት ላይ ሶቶን ለሳንዲያጎ ሰጡት። በ2022 ቡድኑ 55 አሸንፎ 107 ተሸነፈ። እኔ ገባሁ፣ እነሱ ወጡ። ጓደኞቼ "እግርህ ነው" ይሉኛል።

ወደ ስታዲየሙ ልመለስ።

ናሽናልስ ፓርክ የተከፈተው በ2008 ነው። አናኮስቲያ ወንዝ ዳር፣ ኔቪ ያርድ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ይገኛል። አርባ አንድ ሺህ ያህል ሰው ይይዛል። ዋጋው ውድ የሆነው ከታች፣ ለሜዳው ቅርብ ያለው ወንበር ነው። ሁሉም ሰው እሱን ይመኛል። ቲኬት በስጦታ ያገኘ ሰው ሁሉ ከታች ተቀምጦ ፎቶ ይለጥፋል። እኔም ከታች የመቀመጥ ዕድል አጋጥሞኛል። የተጫዋቾቹ ፊት ይታያል፤ ኳሱ ጓንት ውስጥ ሲገባ የሚያሰማው ድምፅ ደረት ድረስ ይሰማል። ይሄን አልክድም። ጨዋታውን ግን አላየሁትም።

ለጀማሪ የምመክረው ላይኛው ፎቅ ነው። በ300ዎቹ ቁጥር ካሉት ክፍሎች መሃል፣ ከመቺው ጀርባ ከፍ ብሎ ያለውን ቦታ ምረጡ። ከዚያ ሜዳው እንደ ገበጣ ሰሌዳ ከፊታችሁ ይዘረጋል። ዘጠኙም ተከላካዮች በአንድ ዓይን ይገባሉ። ቴሌቪዥን የሚያሳያችሁ ፒቸሩንና መቺውን ብቻ ነው። ከላይ ሆናችሁ ደግሞ የሌሎቹን ሥራ ታያላችሁ። ቤዝቦል አሰልቺ የሚመስለን ይህን ሥራ ስለማናየው ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ኳስ መሬት ለመሬት ወደ ሾርትስቶፑ ተመታች እንበል። ሾርትስቶፕ ማለት በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚቆመው ነው። አንስቶ ወደ መጀመሪያው ቤዝ ይወረውራል፤ መቺው ይወጣል። ተራ ነገር ነው፤ በቴሌቪዥን ሦስት ሰከንድ አይሞላም። ከላይ ግን ሌላ ነገር ታያላችሁ። ኳሱ ገና ሲመታ ቀኝ ዳር ያለው ተከላካይ መሮጥ ይጀምራል። ወዴት? ወደ መጀመሪያው ቤዝ ጀርባ። ውርወራው ቢያመልጥ ሊይዝ ነው። ካቸሩም፣ ማለትም ከመቺው ጀርባ ሆኖ ኳሱን የሚይዘው፣ ያን ሁሉ መከላከያ ለብሶ መስመሩን ተከትሎ ይሮጣል። ብዙ ጊዜ ውርወራው አያመልጥም። ሁለቱም ዞር ብለው ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ማንም አያጨበጭብላቸውም። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ሌላ ኳስ ይመታል፤ እነሱም እንደገና ይሮጣሉ። በዓመት 162 ጨዋታ ነው። እኔ ካቸሩን ብቻ እያየሁ ያመሸሁበት ጨዋታ አለ፤ ውጤቱን ጠይቁኝና አላስታውስም።

ሌላው ከላይ የሚታየው ከእያንዳንዱ ውርወራ በፊት ያለው ጭቅጭቅ ነው። በድምፅ አይደለም። መጀመሪያው ቤዝ ላይ የቆመው ሯጭ አንድ እርምጃ ይወጣል። ሁለት። ሦስት። ፒቸሩ ዞር ብሎ ያየዋል፤ ድንገት ወደ ቤዙ ይወረውራል። ሯጩ በደረቱ ወድቆ ቤዙን ይነካል። ከ2023 ወዲህ ፒቸሩ ሯጩን እንዲህ ለመያዝ በአንድ መቺ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሚፈቀድለት። በሦስተኛው ካልያዘው ሯጩ በነፃ ወደሚቀጥለው ቤዝ ያልፋል። ስለዚህ ሁለቱ ካለቁ በኋላ ሯጩ ይደፍራል። ይሄን ካወቃችሁ፣ ማንም ምንም ያላደረገ በሚመስልበት ሰዓት እናንተ ወንበራችሁ ጫፍ ላይ ናችሁ።

ከፒቸሩ እስከ መቺው ያለው ርቀት 18 ሜትር ከ44 ሴንቲ ነው። በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ የሚወረወር ኳስ ይህን ርቀት የሚያልፈው በግማሽ ሰከንድ ውስጥ ነው። በዚህች ጊዜ ውስጥ መቺው ማየት አለበት፣ መወሰን አለበት፣ መምታት አለበት። ከአስር ሦስት ጊዜ የተሳካለት መቺ ኮከብ ይባላል። ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው የኳሱ ጥምዝ በደንብ አይታይም። ይሄ የላይኛው ፎቅ ጉድለት ነው። እኔ ለዚህ መላ አለኝ፦ ትንሿን ሬዲዮ በጆሮ ማዳመጫ ይዤ እገባለሁ። ምን ዓይነት ኳስ እንደተወረወረ እነሱ ይነግሩኛል፤ የቀረውን እኔ አያለሁ። በስልክ ከሆነ የምታዳምጡት ድምፁ ከሜዳው ወደ ኋላ ይቀራል። ኳሱ ከተመታ በኋላ "አሁን ሊወረውር ነው" ይላችኋል። ስለዚህ አሮጌ ሬዲዮ ያለው ሰው አይጣላት።

ከእግር ኳስ ለመጣ ሰው ከሁሉ የሚከብደው የሰዓት ጉዳይ ነው። ቤዝቦል ዘጠና ደቂቃ የለውም። እንደኔ ግን ትልቁ ውበቱ እዚህ ላይ ነው። በእግር ኳስ 1 ለ 0 የሚመራ ቡድን በሰማንያ አምስተኛው ደቂቃ ምን ያደርጋል? በረኛው ይተኛል። ተጫዋቹ ሳይነኩት ይወድቃል። ኳሷን ማዕዘን ላይ ይዘው ይቆማሉ። እኛ ደግሞ ስንሳደብ እናመሻለን። እዚህ ይሄ የለም። ለማሸነፍ ከተጋጣሚህ 27 ሰው ማስወጣት አለብህ። በአስር ብትመራም ሃያ ሰባተኛውን ሰው ኳስ ወርውረህለት፣ እሱም ዕድሉን አግኝቶ ነው የሚወጣው። ኳሷን ደብቆ ማሸነፍ አይቻልም። ይሄን የነገርኩት አንድ የእግር ኳስ ወዳጄ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ "ታዲያ ለምን ሰዓት ሜዳው ላይ ተሰቅሏል?" አለኝ።

ጥሩ ጥያቄ ነው። ያ ሰዓት የውርወራ ሰዓት ነው። በ2023 ነው የመጣው። ቤዝ ላይ ሰው ከሌለ ፒቸሩ በ15 ሰከንድ ውስጥ መወርወር አለበት። ሰው ካለ መጀመሪያ 20 ሰከንድ ነበር፤ በ2024 ወደ 18 አወረዱት። የጥንቱ ደጋፊዎች ብዙ አጉረመረሙ። እኔ ግን ቲኬት ቆራጩን ባቅፈው ደስ ባለኝ። በ2022 የአንድ ጨዋታ አማካይ ርዝመት ከሦስት ሰዓት በላይ ነበር፤ በ2023 ወደ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ወረደ። ከዚያ በፊት የመጨረሻ ባቡር እንዳያመልጠኝ ስምንተኛው ኢኒንግ ላይ እየሮጥኩ የምወጣባቸው ማታዎች ነበሩ። አሁን ጨርሼ እወጣለሁ። ጓንት መፍታትና ማሰሩም ቀርቷል።

ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ግቡ። ይሄ ከምክሮቼ ሁሉ ዋናው ነው። ቤዝቦልን እያዩ የሚጽፉት ሰዎች አሉ። መጀመሪያ ሳያቸው ኦዲተር መስለውኝ ነበር። አንድ ማታ አጠገቤ የተቀመጡ አሮጊት ፈረንጅ በትልቅ ደብተር ሲጽፉ አየሁና ጠየቅኳቸው። እርሳቸውም ደስ ብሏቸው አስረዱኝ። እያንዳንዱ ተከላካይ ቁጥር አለው። ፒቸር 1፣ ካቸር 2፣ መጀመሪያ ቤዝ 3፣ ሁለተኛ 4፣ ሦስተኛ 5፣ ሾርትስቶፕ 6። ከኋላ ያሉት ሦስቱ ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ 7፣ 8፣ 9። ሾርትስቶፑ አንስቶ ለሁለተኛው፣ ሁለተኛው ለመጀመሪያው ወርውሮ ሁለት ሰው ካስወጡ 6-4-3 ብለህ ትጽፋለህ። መቺው ሦስት ስትራይክ (ስቶት ወይም መምታት ሲገባው አሳልፎት የሚቆጠርበት ኳስ) ከሆነበት "ኬ" የሚባለውን ፊደል ትጽፋለህ። ዱላውን ሳያወዛውዝ ቆሞ እያየ ከወጣ ፊደሉን ገልብጠህ ትጽፈዋለህ። "ቆሞ ማየት ልዩ ውርደት ነው" አሉኝ ሳቅ ብለው። "ስለዚህ ልዩ ምልክት አለው።"

በእኛ ዕድሜ አዲስ ነገር ስንጀምር ሐሳብ ይበተናል። ስልክ ይታያል፤ ኢኒንግ ያመልጣል። እጅ ሥራ ከያዘ ግን ዓይንም ይከተላል። እኔ ሕጎቹን የተማርኩት በመጻፍ ነው። አንድ ነገር ተከስቶ እንዴት እንደምጽፈው ካላወቅኩ ሕጉን አላወቅኩም ማለት ነው፤ ጎረቤቴን እጠይቃለሁ። እስካሁን "አላውቅም፣ ተወኝ" ያለኝ የለም። የቤዝቦል ደጋፊ ከተጠየቀ ማቆሚያ የለውም። እንዲያውም ለማስቆም ነው የምትቸገሩት።

ስለ ደጋፊ ካነሳሁ፣ የሁለቱም ቡድን ደጋፊዎች ተቀላቅለው ነው የሚቀመጡት። እኔ ያደግኩበት እግር ኳስ ደጋፊ ከደጋፊ በፖሊስ የሚለይበት ነው። እዚህ ፊላዴልፊያዎች በአውቶቡስ ተጭነው መጥተው ጎናችሁ ይቀመጣሉ። ይጮኻሉ፤ አፋቸው ክፉ ነው፤ ግን ለውዝ ያካፍሏችኋል። ወደ ተመልካቹ የተመታችን ኳስ የያዘ ሰው ደግሞ ኳሷን ይዞ ቤቱ ይሄዳል። መልስ የሚለው የለም። ወደኔ እስካሁን አልመጣችም። ላይኛው ፎቅ የምትደርሰው አልፎ አልፎ ነው።

ከመግባታችሁ በፊት ሐውልቶቹን እዩ። ሦስት ናቸው፦ ዋልተር ጆንሰን፣ ፍራንክ ሃዋርድ እና ጆሽ ጊብሰን። ሦስቱም ዋሽንግተን ውስጥ የተጫወቱ ናቸው። እኔ ሁልጊዜ የምቆመው ጊብሰን ፊት ነው። ጥቁር ነበር፤ ስለዚህ በዘመኑ በትልቁ ሊግ መጫወት አይፈቀድለትም። ሆምስቴድ ግሬይስ ለሚባለው የጥቁሮች ሊግ ቡድን ይጫወት ነበር። በ1947 ጃንዋሪ ላይ በ35 ዓመቱ ሞተ። ጃኪ ሮቢንሰን የሚባለው ጥቁር ተጫዋች የቀለሙን አጥር ሰብሮ፣ በትልቁ ሊግ ለብሩክሊን ቡድን የተሰለፈው በዚያው ዓመት ኤፕሪል 15 ነው። ሦስት ወር! በ2024 የጥቁሮች ሊግ ውጤቶች ከትልቁ ሊግ መዝገብ ጋር ሲቀላቀሉ፣ በጠቅላላ የመምታት አማካይ ከሁሉም በላይ የተገኘው ጊብሰን ነው። አማካዩ 372 ነው፤ ከሺህ ጊዜ 372 እንደ ማለት።

እና ግሬይስ በዋሽንግተን የት ይጫወቱ ነበር? ግሪፊዝ ስታዲየም። በ1965 ፈረሰ። ዛሬ ቦታው ላይ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ቆሟል። ዘጠነኛ ጎዳናና ዩ ስትሪት አካባቢ ክትፎ በልታችሁ የምታውቁ ሁሉ፣ ጊብሰን ሆምረን ይመታበት ከነበረው ሜዳ በእግር የደቂቃዎች መንገድ ላይ ነበራችሁ። እኔ በዚያ ሰፈር ለዓመታት ተመላልሼ ማንም አልነገረኝም። ስታዲየሙ ይህን በትልቁ ጽፎ ቢለጥፍ እወዳለሁ።

ልጆች ካሏችሁ፣ አራተኛው ኢኒንግ መሃል ላይ የፕሬዚዳንቶች ሩጫ አለ። ግዙፍ ጭንቅላት ያጠለቁ ዋሽንግተን፣ ጄፈርሰን፣ ሊንከንና ቴዲ ሩዝቬልት ሜዳው ዳር ይሮጣሉ። ሩጫው ከተጀመረበት ከ2006 እስከ ኦክቶበር 2012 ቴዲ አንድ ጊዜም አላሸነፈም። ሆን ተብሎ ነው። ልጆች ለጨዋታው ደንታ የላቸውም፤ ለቴዲ ግን ያለቅሳሉ። ከሩጫው በኋላ አይስክሬም ይጠይቃሉ። ሰባተኛው ኢኒንግ ላይ ሁሉም ሰው ተነስቶ ይዘምራል፤ እኔም ግጥሙን እስኪበቃኝ አውቀዋለሁ።

ምግብ። በዚህ አገር ስታዲየም ሁሉ ምግብ ውድ ነው፤ ይህም ያው ነው። ከዩ ስትሪቱ የቤንስ ቺሊ ቦውል መደብር ሃፍ ስሞክ የሚባለውን ቋሊማ ታገኛላችሁ። ጣፋጭ ነው ይላሉ። የአሳማ ሥጋ አለበት፤ ጠይቃችሁ ብሉ። ለጾመኛ የሚሆነው ለውዝ ነው። የውድድር ዘመኑ የሚጀምረው ማርች መጨረሻ ላይ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ሁዳዴ ውስጥ ይውላል። እኔ በልቼ ነው የምገባው። ለውዝ ብቻ እገዛለሁ፤ ቅርፊቱን መሬት መጣል ነውር የማይሆንበት ብቸኛ ቦታ ነው።

ፀሐዩን አስቡበት። በጁላይና በኦገስት የቀን ጨዋታ ላይኛው ፎቅ ላይ ይጠብሳል። ጥላ ቀድሞ የሚመጣው በሦስተኛው ቤዝ በኩል ነው። በቀኝ ሜዳ በኩል የተቀመጠ ሰው ግን ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ዓይን ዓይኑን ይበላዋል። ስለዚህ ቀን ከሆነ ሦስተኛ ቤዝ፣ ማታ ከሆነ የፈለጋችሁት።

መጓጓዣን በተመለከተ የባለሙያ ምክር ልስጣችሁ። መኪና አታምጡ። ይሄን የሚላችሁ እንጀራው መኪና ማቆሚያ የሆነ ሰው ነው። የጨዋታ ቀን ዋጋ እንዴት እንደሚሰላ ስለማውቅ ነው። በአረንጓዴው ባቡር መጥታችሁ ኔቪ ያርድ ቦልፓርክ ጣቢያ ውረዱ። ስትወጡ ቀዩን ኮፍያ ተከተሉ።

ቲኬት የምትገዙበትን ቦታ ተጠንቀቁ። ስሟን የማልጠራት አንዲት የዳግም ሽያጭ አፕ አለች። ወንበሩን በትንሽ ብር አሳይታኝ ስከፍል በአገልግሎት ክፍያ ዋጋውን እጥፍ አደረገችው። ጠቅላላውን ድምር ሳታዩ አትክፈሉ። ቲኬቱ የሚመጣው በስልክ ነው፤ የወረቀት ነገር ቀርቷል። አፑን ቤት ሳላችሁ፣ ልጆቻችሁ አጠገብ ሆናችሁ ጫኑት። በር ላይ ሰው ሲበዛ ኔትወርክ ይንቀራፈፋል፤ ከኋላ ያለው ሰልፈኛም ያጉረመርማል።

ቡድኑ? ከ2019 ወዲህ እስከ 2025 ድረስ ከመደበኛው ዘመን በኋላ ወደሚደረገው የዋንጫ ፍልሚያ ተመልሶ አልገባም። በ2025 66 አሸንፎ 96 ተሸነፈ። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ዋንጫውን ያመጡትን አሰልጣኝና ሥራ አስኪያጅ በአንድ ቀን አሰናበቱ። ለጀማሪ ግን ይሄ ክፋት የለውም። ወንበር አለ፤ የሥራ ቀን ማታ ላይኛው ፎቅ ከአንድ ሰው ምሳ ባነሰ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ጎረቤቶቻችሁ ደግሞ ውጤት ስላላጓጓቸው ጊዜ ወስደው ያስረዷችኋል። ለሶቶ ምትክ ከመጡት ልጆች አንዱ ጄምስ ዉድ ነው። እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሮክቪል የተወለደ ልጅ ነው። ቁመቱ ሁለት ሜትር ገደማ። ሲመታ ኳሷ ከሌላው ሰው ኳስ የተለየ ድምፅ አላት። ሲስት ደግሞ ነፋሱ ላይኛው ፎቅ ይደርሳል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ ኮከቡ ሾሄ ኦታኒ ያለበት የሎስ አንጀለስ ቡድን የሚመጣበትን ቀን ተዉት። ዋጋው ይሰቀላል፣ ሰውም ይበዛል። ሜይ ወይም ሴፕቴምበር ላይ፣ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ማታ፣ ማንም የማይጓጓለት ቡድን ሲመጣ ሂዱ። ኤፕሪል ከሆነ ጃኬት ያዙ፤ ወንዙ ዳር ማታ ይበርዳል። እርሳሱ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ከወንበሩ ስር ይወድቃል።